ያለ ሽማግሌ የሄዱት ሽማግሌ

በሰፈራችን፣ በጎንደር አራዳ ከድሮው የገበያ መንገድ ጀርባ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ያደሩ እንደሆነ ጠዋት የሚንኳኳው የአያ ቢሻው በር ነበር። አያ ቢሻው ካህን አይደሉም፤ ዳኛም አይደሉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጕልበታቸው ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው ቤታቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን እንደ እርሳቸው የተጣላ ማስታረቅ የሚችል በሰፈሩ አልነበረም።

የተወለዱት ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ጎንደር የገቡት ገና ልጅ ሳሉ፣ በጭነት ማኪና ከእህል ጆንያ ጋር ተጭነው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ከማኪና ተለይተው አያውቁም። መጀመሪያ ረዳት ሆኑ፤ ኋላ መሪ ጨበጡ። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ የሚገባውን መንገድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቁት ነበር።

የማስታረቅ ሙያቸውም የተጀመረው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ተሳፋሪ በወንበር፣ በመስኮት፣ ወይም በዶሮ ኵስ የተጣላ እንደሆነ፣ አያ ቢሻው የቍልቍለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ማኪናውን ጥግ አስይዘው ሞተሩን ያጠፋሉ። «እኔ ቂም ጭኜ ይህን ገደል አልወርድም» ይላሉ። እንግዲህ ቀኑ እየገፋ ነው፤ ጉሙም ከላይ እየወረደ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በሁለቱ ጠበኞች ላይ ይነሣባቸዋል። ምነው፣ በእናንተ ጠብ እዚህ ልናድር ነው ወይ ይሏቸዋል። ሁለቱም ተነሥተው ይሳሳማሉ፤ ሞተሩ ይነሣል። ልጆች ሳለን አያ ቢሻው ይህን ሲያጫውቱን በሣቅ እንፈርስ ነበር። የተሳሳሙት ሰዎች ዛሪማ ከወረዱ በኋላ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ ግን ከእኛ መካከል አልነበረም።

ከአያ ቢሻው ጋር አጥር ለአጥር የሚጎራበቱት እትዬ አየለች ናቸው። ባላቸው በሕመም ሲሞት አንዲት ልጃቸው ዓይናለም ገና ከጀርባ ያልወረደች ሕፃን ነበረች። እትዬ አየለች በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው፣ ከሥራ መልስም የሰው ልብስ እየተቀበሉ እያጠቡ ልጃቸውን አስተማሩ። እጃቸው በሳሙና ብዛት ነጥቶና ተጨማድዶ ትዝ ይለኛል። ዓይናለም ነርስ ሆና፣ እናቷ አንሶላ ሲያጥቡበት በኖሩት ሆስፒታል ሥራ የጀመረች ዕለት፣ እትዬ አየለች እልል አላሉም። በሩ ላይ አስቁመው የነጭ ጋዋኗን ኮሌታ ገለጥ አድርገው፣ በደንብ መታጠቡን አይተው፣ «ሂጂ» አሏት። ያ ለእርሳቸው እልልታ ነበር።

አያ ቢሻውና ባለቤታቸው እትዬ ይርገዱ ለእናትና ለልጅ ከዘመድ አይተናነሱም። እትዬ አየለች ከቤት ሲወጡ ቍልፋቸውን ለእትዬ ይርገዱ ትተው ይሄዱ ነበር፤ ወጥ ተሠርቶ ጨው ቢያንስ እንኳ በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የሚጠያየቁት።

ዓይናለም መዝሙር የሚባል የመሥሪያ ቤት ሰው አገባች። ሸጋ ልጅ ነው፤ ቍጡ ነው እንጂ። ባለፈው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን በሆነ ባልሆነው ተናዶ ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደና፣ በሽተኛውም አስታማሚውም በሞላበት ኮሪደር ላይ ጮኸባት። ዓይናለም አንዲት ቃል አልመለሰችም። ሥራዋን ጨርሳ፣ ለተረኛዋ አስረክባ፣ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ገባች። መዝሙር ወዲያው ጸጸተው። በማግሥቱ አያ ቢሻው ደጅ ላይ ተገኘ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በእትዬ አየለች ቤት ተሰበሰቡ፤ እኛ ጎረቤቶችም ተገኝተን ነበር። አንዱ አያ ቢሻው፣ ሁለተኛው የቤቱ የንስሐ አባት፣ ሦስተኛው አራዳ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ አሊ ነበሩ። ሐጂ አሊ የአያ ቢሻው የወጣትነት ወዳጅ ናቸው፤ ሳይተራረቡ የዋሉበት ቀን የለም። ሰፈሩም እስላም ክርስቲያን ሳይል በሁለቱ ነበር የሚሸመገለው።

ነገሩ መጀመሪያ በወጉ ሄደ። መዝሙር በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ከበሩ ግባ ተባለ። የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፣ ጕልበት ይሳማል፣ ነገር ያልቃል። የንስሐ አባቱ ጸሎት አደረሱ። አያ ቢሻው ተነሥተው ስለ ሰይጣን ክፋትና ስለ ትዳር ክብር፣ ሁልጊዜ እንደሚናገሩት፣ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ወደ ዓይናለም ዞረው ይቅር እንድትል ጠየቋት።

ዓይናለም እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። ረጋ ብላ፣ «ድንጋዩን ያውርድ፤ ይከብደዋል» አለች። «ይቅርም እለዋለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።»

ምነው ቢሏት፣ ውስጧ ገና እንዳልበረደ፣ ሳይበርድላት በአፏ ይቅር ብላ ቤቷ ገብታ በክፉ ዓይን ልታየው እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀችው። ሐጂ አሊ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የንስሐ አባቱም መስቀላቸውን አገላበጡ። አያ ቢሻው ግን በዘመናቸው ሁሉ ሰው ከነድንጋዩ ቆሞ ሳለ ከሽምግልና ተነሥተው አያውቁም። ደግመው ጠየቋት፤ በዚያው ቃል መለሰች። ሠልሰው ጠየቋት፤ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ ያንኑ መለሰች። ብትጮኽ ኖሮ ይሻል ነበር ይመስለኛል። ያ ርጋታዋ ነው ያነደዳቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ድሮስ ሴት ያሳደጋት መች ሽማግሌ ታውቃለች!»

ይህ ስድብ ባገራችን ስንቱን እንዳቆሰለ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ለወንድ ሲሰነዘር ዱላ ያማዝዛል። እዚህ ደግሞ ያሳደጉት ሴት ራሳቸው ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። የንስሐ አባቱ «ቢሻው!» ብቻ አሉ። እትዬ አየለች ወደ ጓዳ ገቡ። መዝሙር ድንጋዩን በራሱ እጅ አውርዶ ወጣ፤ የቀረነውም እግር እግራችንን እያየን ተበተንን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ቢሻው ቤታቸው ገብተው ጥፋቱን መጀመሪያ በልጅቱ አላከኩት፤ ቀጥለው በጕልበታቸው ሕመም፤ ቀጥለው ደግሞ ዘመኑ ነው አሉ። እትዬ ይርገዱ ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ነገር አስታወሷቸው። የአየለች ባል የተቀበረ ዕለት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው ነበሩ፤ ከመቃብሩ መልስም መበለቷን «እኔ አለሁ» ብለዋቸው ነበር።

«ካለህማ፣» አሉ እትዬ ይርገዱ፣ «ሴት ብቻዋን እንዴት አሳደገቻት?»

አያ ቢሻው ያን ዕለት ምሳቸውን ትተው ተነሡ።

ሲያስቡት ሲያስቡት፣ ማጥፋታቸውን አመኑ። ማመንና መናገር ግን አንድ አይደሉም። ለተጣላ ሁሉ መንገድ ሲያሳዩ የኖሩት ሰው ለራሳቸው የሚያውቁት መንገድ ያችው የለመዷት ነበረች፤ ሽማግሌ ላኩ። ሐጂ አሊንና የንስሐ አባቱን ለምነው፣ ዓይናለም ተረኛ ሆና ሆስፒታል በዋለችበት ቀን እትዬ አየለች ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። አያ ቢሻው አጎንብሰው ገቡ። ገና ጕልበታቸው ጋ ሳይደርሱ እትዬ አየለች ትከሻቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸውና «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ጠላ ቀረበ፤ ለሐጂ አሊ ሻይ ተፈላ፤ ተመረቀ፤ ወጡ። አያ ቢሻው ያን ቀን ቀለል ብሏቸው ዋሉ።

በማግሥቱ እትዬ አየለች ቤታቸውን ቈልፈው ሲወጡ ቍልፉን ለማዕዘኑ ባለሱቅ ሰጡት። እትዬ ይርገዱ አዩ። ምናልባት አጣድፏቸው ይሆናል አሉ። በሌላም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ቍልፉ የባለሱቁ ሆኖ ቀረ። እትዬ አየለች ሰላምታ አላጎደሉም። አያ ቢሻውን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጤናቸውን፣ ጕልበታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ ግን ቆመው አይደለም፣ እየሄዱ ነው። መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ።

በዚህ መካከል ሌላ ባልና ሚስት ተጣልተው አያ ቢሻው ለሽምግልና ተጠሩ። እንደ ወትሯቸው ተነሥተው ተናገሩ። ሴትዮዋን «ይቅር በዪው» ሊሉ ሲደርሱ ግን ንግግራቸውን አቋረጡ። ፊቷን አዩት፤ ከጎኗ የተቀመጡትን ዘመዶቿን፣ የቀረበውን ድግስ፣ የሁሉንም ዓይን አዩት። «እናንተ ቀጥሉ» ብለው ወጡ። ሰው አመማቸው አለ። እርሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ያን አጥር ለአጥር ያለውን የእትዬ አየለችን ቤት በእውነት ይቅር ሳያሰኙ ከእንግዲህ በሽምግልና ወንበር መቀመጥ አይሆንላቸውም። ከወንበሩም ይልቅ፣ ዕድሜ ልክ የኖረ ጉርብትና በዓይናቸው ሥር እንደ ጨው እየሟሟ ነበር።

ሐጂ አሊ ሱቅ ሄደው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ አሊ የተዘረጋ የጨርቅ ጣቃ እየጠቀለሉ፣ ምነው ፊትህ የተፈታች ሴት ፊት መሰለ ብለው ጀመሩ። አያ ቢሻው ተረቡን አልፈው ወደ ነገራቸው ገቡ፤ ይህም አዲስ ነገር ነበር።

«ይቅር ብላኛለች፤ አንተም በጆሮህ ሰምተሃል» አሉ።

«ሰምቻለሁ። ምን ትበል? የንስሐ አባቷ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ አንተ እጕልበቷ ሥር! እንቢ ያለች ሴት ደግሞ በአንተ ዘንድ ምን እንደምትባል ሰምታለች።»

አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አንተ እኮ ዕድሜህን ሙሉ ማኪና አቁመህ ነው የምታስታርቅ» አሉ ሐጂ አሊ። «ሰው ወድዶ ይሳሳም፣ ቤቱ ለመግባት ብሎ ይሳሳም፣ ጠይቀህ አታውቅም።»

«አንተስ አብረኸኝ አልነበርክም?»

«ነበርኩ እንጂ። እኔማ ረዳትህ ነኝ፤ በር ላይ ተንጠልጥዬ ‹ሳበው!› እላለሁ።»

ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ ሐጂ አሊ ጣቃውን መደርደሪያው ላይ አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ሽማግሌ የተላከ ዕለት የአያ ቢሻው የራሳቸው አፍ ምን እንዳለ ጠየቋቸው። አያ ቢሻው አሰቡ፤ ምንም አላለም ነበር። የተናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«ስድቡን በራስህ አፍ ተናገርህ፤ ይቅርታውን በእኔ አፍ ላክህ» አሉ ሐጂ አሊ። «ለዚያውም ልጅቱ የሌለችበትን ቀን መርጠህ።»

እንግዲህ ያለ ሽማግሌ ብቻን መሄድ ነው። ይህን መወሰን ቀላል ነበር። በጉም ውስጥ፣ በገደል አፋፍ፣ ሕዝብ ጭነው ሲወርዱ ያልፈሩት ሰው ያችን ከቤታቸው እስከ ጎረቤት ያለች መንገድ ፈሯት። ምክንያቱን ኋላ ለሐጂ አሊ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ይዞ የሄደ ሰው እንቢ አይባልም፤ ብቻውን የሄደ ግን ሊባል ይችላል። አያ ቢሻው እንቢ ተብለው የሚያውቁት ያን ዕለት በዓይናለም ብቻ ነው፤ ያኔ የሆኑትንም አይተዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። እትዬ አየለች ቧንቧው ሥር ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። አያ ቢሻው ጕሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውሃ መጣ?»

«ትናንት መጥቶ ነበር፤ አሁን ቀጥኗል።»

«እኛም ዘንድ ቀጥኗል።»

ከዚህ በኋላ ቧንቧውን አዩት፤ ጠበቅ አደረጉት፤ መልሰው ላላ አደረጉት። ደኅና ዋዪ ብለው ተመለሱ። እትዬ ይርገዱ ምን አልካት ብለው ቢጠይቁ፣ ስለ ውሃው ተነጋገርን አሉ። «ደግ» አሉ እትዬ ይርገዱ፣ «ነገ ደግሞ ስለ መብራቱ ሄደህ ትነግራታለህ።»

ጾም ገባ። ዓይናለም አሁንም እናቷ ቤት ናት። መዝሙር ግን ያለ ድንጋይና ያለ ሽማግሌ ከሥራ መልስ እየመጣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ሰሞን እሱ ብቻ ነበር የሚናገር፤ ኋላ ኋላ የሁለቱም ድምፅ በአጥሩ በኩል ይሰማ ጀመር። ይህን የሰሙት አያ ቢሻው ናቸው። የልጅቱ «ዛሬ አይደለም» በር መዝጋት እንዳልነበር ያን ጊዜ ሳይታያቸው አልቀረም። ልጆች ሳለን የንባብ መጽሐፋችን ላይ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ደጋግመን እንገለብጥ ነበር፤ ለእጅ ጽሕፈት ነበር፣ ትርጕሙን ማን ልብ ብሎት። አያ ቢሻው ግን ወግተውም አልረሱም። ይህም ያሳፍራል እንጂ አያስወቅስም።

በአንድ ቅዳሜ ዓይናለም ቤት መሆኗን አረጋግጠው ገቡ። እትዬ አየለች በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ፤ ዓይናለም ጋዋኗን ትተኩሳለች። ተቀመጥ ተባሉ፤ አልተቀመጡም። ለሌላው ሰው ሲናገሩ እንደ ወንዝ ይወርድላቸው የነበረው ቃል አጠረባቸው።

«ሽማግሌ አላመጣሁም» አሉ። «እንቢ ለማለት እንዲመቻችሁ ብዬ ነው ብቻዬን የመጣሁ። ያን ዕለት ክፉ ተናገርሁ። ልጄ ዓይናለም፣ ያልሽው ልክ ነበር። የመዝሙር ነገር አይደለም ያስቆጣኝ፤ በሰው ፊት እንቢ መባሌ ነው። የኔን ክብር ልጠብቅ ብዬ የእናትሽን ድካም ሰደብሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እትዬ አየለች ምስሩን መልቀም አልተዉም። ጠጠር አወጡ፤ ከሰፌዱ ጥግ አስቀመጡ። ቈየት ብለው ነው ቀና ያሉት።

«አያ ቢሻው፣ ሴት አሳደገቻት ማለትህ ውሸት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ስድብ ያደረግኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቢለው እሥቅበት ነበር። አንተ ግን ሳሳድጋት አይተኸኛል።»

«አይቻለሁ» አሉ አያ ቢሻው። ከዚህ ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

እትዬ አየለች ሰፌዱን ከጕልበታቸው ላይ አወረዱ። ያኔ በሽማግሌ ፊት ያሉትን ቃል አሁን ያለ ሽማግሌ እንደሚደግሙት፣ የራሳቸውን ድርሻ ይቅር እንዳሉ ተናገሩ። የልጃቸውን ግን እርሳቸው እንደማይሰጡ፣ ከራሷ መጠየቅ እንዳለባቸው ነገሯቸው።

አያ ቢሻው ወደ ዓይናለም ዞሩ። ዓይናለም ካውያውን አቁማ ነበር።

«ጋሼ ቢሻው፣ ራስዎ መምጣትዎ ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው» አለች። «ግን ዛሬ አይደለም።»

ያው ቃል ነው። ያው ርጋታ ነው። የአያ ቢሻው ፊት ሲቀላ፣ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ሁለቱም ሴቶች አዩ። እትዬ አየለች ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ልጃቸውን አንድ ጊዜ፣ አያ ቢሻውን አንድ ጊዜ ተመለከቱ። ለመናገር ቸኵሎ የማያውቅ አፍ የለም፤ አያ ቢሻው ግን ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ይሁን፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «መቼ ብዬም አልጠይቅሽም።»

ዓይናለም ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችና ካውያውን አነሣች። አያ ቢሻው ደኅና ዋሉ ብለው ወጡ። እትዬ አየለች ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ በር ሸኟቸው። በሩን ከፍተው ሊያሳልፏቸው ሲሉ ፊታቸውን አዩና፣

«ተቆጣህ?» አሉ።

አያ ቢሻው አልተቆጣሁም ሊሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«ትንሽ» አሉ።

እትዬ አየለች ሣቁ። ከዚያ ክፉ እሑድ ወዲህ ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ይርገዱ እንኳ ሰምተው ብቅ አሉ። እትዬ አየለች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉና በሩን እንደያዙ፣

«እኔም ገና ትንሽ ቍጣ ቀርቶኛል፤ እንግዲህ ሁለታችንም እናብርደው» አሏቸው።